የልጁ እግርና የእጄ ቀለም

እህቴ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ማርገዟን የነገረችኝ በስልክ ነው። ደብረ ብርሃን ባለችው ጸጉር ቤቴ ውስጥ አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ተቀምጧል፤ እኔ ማሽኑን በእጄ እንደያዝኩ እየጮህኩ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሰውዬው ደግ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ግማሽ ጸጉሩን እያየ ጠበቀኝ። እህቴ በዚያው ስልክ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንዱ ስለቷ ነው። ወንድ ልጅ ከወለደች፣ ልጁ በገዛ እግሩ ሄዶ የደብራችንን በር እስኪሳለም ድረስ ጸጉሩን መቀስ ላታስነካው ተስላለች። ሌላው የእኔ ድርሻ ነው።

«ያን ቀን የምትቆርጠው አንተ ነህ» አለችኝ። «ሌላ እጅ አላስነካውም።»

ይህች እህቴ ናት ያሳደገችኝ። እናታችን ስትሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች፣ እኔ ደግሞ የባስኩ ልጅ። አንኮበር እያለን ራሴን በምላጭ የምትላጨኝ እሷ ነበረች፤ እያደማችኝ ማለት ነው። ጸጉር ቆራጭ የሆንኩት ከዚያ ስቃይ የተነሣ ነው እያልኩ አበሽቃታለሁ። ስለዚህ የልጇን የመጀመሪያ ጸጉር መቁረጥ ለእኔ ሹመት ነበር። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አወራሁ። ልጁ ገና ሳይወለድ ለእሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ መቀስ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ያ ነገር የጀመረኝ ልጁ በሆዷ እያለ ነው። መጀመሪያ በቀኝ እጄ አይበሉባ ላይ ሽምብራ የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። ከዚያ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ላይ፣ ከዚያ በአፌ ዙሪያ፣ ከዚያ በዐይኔ ሥር። አያምም፣ አያሳክክም፣ ዝም ብሎ ይሰፋል። በእኛ አገር ስሙ ለምጽ ነው፤ ባለቤቱ ፊት ግን አይጠራም፣ «ያ ነገር» እየተባለ ይታለፋል። ደንበኞቼ ክፉ አልተናገሩኝም፤ እውነቱን ለመናገር ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ሊቆረጡ መጥተው እጄን ሲያዩ አንድ ጉዳይ ትዝ ይላቸዋል። አንዱማ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት ብሎኝ ወጣ፤ ወንደላጤ ነው፣ በሕይወቱ ሻይ እንኳ አፍልቶ አያውቅም።

ተናድጄ ጥቁር የጎማ ጓንት ገዛሁ። የአዲስ አበባ ቆራጮች እንዲህ ያደርጋሉና ወጣቶቹ ዘመናዊ ሆነ ብለው ወደዱልኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም። የአፌን ዙሪያ በማስክ ሸፈንኩ። ሥራው ቀጠለ፤ ከሰው ራስ ጋር ግን በጎማ በኩል ብቻ የምንገናኝ ሆንን።

ልጁ ወንድ ሆኖ ተወለደ። በክርስትናው ዕለት አንኮበር ወረድኩ፤ ጓንት አድርጌ ድግስ ላይ መቀመጥ ስለማይሆን አወለቅኩት። ሕፃኑን ልቀበል እጄን ስዘረጋ የባሏ እናት ቀደሙኝና እንቅልፉ መጥቷል ብለው ወሰዱት። ልጁ ዐይኑን አፍጥጦ እያየኝ ነበር። እህቴ አይታለች፤ አቀርቅራ ሳህን ማቅረቧን ቀጠለች። ከዚያ ቀን በኋላ ጸጉሩን ማን እንደሚቆርጥ በመካከላችን አንድም ቃል አልተነሣም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። መቀሷ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

ከተማችን ውስጥ አንድ የቆዳ ክሊኒክ አዲስ ማሽን ማስገባቱን የሰማሁት ከዚያው ከወንበሬ ላይ ነው፤ ጸጉር ቤት ሳይደርስ የሚቀር ወሬ የለም። በማግስቱ ሄድኩ። ሐኪሙ ክፍሉን አጨልሞ በአንዲት ትንሽ መብራት ቆዳዬን ካየ በኋላ ቪቲሊጎ ነው አለኝ። የቆዳዬን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት የገዛ ሰውነቴ እያጠቃቸው ነው፤ ከቆሻሻም ከእርግማንም የመጣ አይደለም። ቅባት አዘዘልኝና ከቅባቱ ጋር ጨረር እንጀምርልሃለን አለ፤ አልትራቫዮሌት የሚባል፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ካለው አንዷ ክፍል ብቻ ተመርጣ በመብራት የምትሰጥ። ቀለሜ ይመለሳል ወይ አልኩት። ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል፣ ሁሉም ላይ አይደለም፣ ፊት ይፈጥናል፣ እጅ ይዘገያል፣ ወራት ይፈጃል ብሎ ዘረዘረልኝ። እኔ የሰማሁት ይመለሳል የምትለዋን ብቻ ነው። ከግቢው ሳልወጣ ለእህቴ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ጨረር ልጀምር ነው» አልኳት፤ ድምፄን ደስታ አንቆታል።

ስልኩ ጸጥ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ዘጋሁት። በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ እህቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጇን አዝላ፣ ዐይኗ በለቅሶ አብጦ፣ በእጇ የጠበል ጀሪካን አንጠልጥላ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጣችው። ከመቼ ጀምሮ ነው የደበቅኸኝ አለችና እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ ጨረር የሚባለው ካንሰር የያዘው ሰው አዲስ አበባ ሄዶ የሚገባበት ነው፤ እገሌ ጨረር ገባ ከተባለ ዘመድ ሁሉ ይላቀሳል። እኔ የምሥራች ስላት እሷ መርዶ ሰምታለች። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ፣ አልሆነልኝም። በጀሪካኑ ልትለኝ ምንም አልቀራት።

እኔን ስላላመነችኝ ይዣት ክሊኒክ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀጠሮዬም ያ ቀን ነበር። ማሽኑን የምታሠራው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ኮስታራ ሴት ናት። እህቴን አስቀምጣ በትዕግሥት አስረዳቻት። የካንሰሩ ጨረር ወደ ሰውነት ዘልቆ ይገባል፤ ይህኛው ቆዳ ላይ ነው የሚቀረው፤ የሚጋሩት ስሙን ብቻ ነው። ከልኩ ካለፈ ግን እንደማንኛውም ኃይለኛ ፀሐይ ቆዳን ያቃጥላል፣ ለብዙ ጊዜ ሲበዛም ይጎዳል፤ ስለዚህ ልኩን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ስሙን ብርሃን ብለሽ ጥሪው ብትላት ደስ እንዳላት ፊቷ ላይ አየሁ። በኋላ እንደሰማሁት አንኮበር ተመልሳ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ላይ በብርሃን እየታከመ ነው ስትል ጎረቤቱ ሁሉ የደብር ተአምር መስሎት እልል ብሏል።

ሲስተሯ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የምትውጠው መድኃኒት አለ ወይ አለችኝ፤ ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርጉ ኪኒኖች አሉና ወደፊትም ማንኛውም ሐኪም አዲስ ነገር ሲያዝልኝ እንድነግራት አስጠነቀቀችኝ። ሎሽን፣ ሽቶ፣ ሎሚ፣ ያለ እነሱ ትእዛዝ ምንም ነገር ተቀብቼ እንዳልመጣ ነገረችኝ። ጤና አዳምም ቢሆን አለች፤ እሱን ቆዳ ላይ አሽቶ ብርሃን ፊት የቆመ ሰው ውኃ ቋጥሮ ሊመጣ ይችላል። እህቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ሰበሰበች። ጫፉ ላይ ቋጥራ ያመጣችው ጤና አዳም እንደነበር ሽታው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

ማሽኑ ቁም ሣጥን ይመስላል፤ ውስጡ ከላይ እስከ ታች ረጃጅም አምፖል ተደርድሮበታል። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ሰው በዚያ ብርድ በውስጥ ሱሪ መቆም ምን እንደሆነ ይረዳኛል። ጥቁር መነጽር አደረገችልኝ፤ ብርሃኑ ዐይን ይጎዳልና እስኪጠፋ ድረስ እንዳላወልቀው ነገረችኝ። የውስጥ ሱሪውም ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ እዚያ አካባቢ ያለው ቆዳ መሸፈን አለበት፣ በየቀጠሮውም ያው ዓይነት ልብስ ይለበሳል። በሩ ተዘጋ። መብራቱ በራ፤ ሞቅ አለኝ፤ አሁን ሊጀምር ነው ስል ጠፋ።

አለቀ ወይ አልኳት። አለቀ አለች። ለዚህች ነው እንዴ ልብሴን ያወለቅኩት ብዬ ተነጫነጭኩ። «ዳቦ እየጋገርን አይደለም» አለችኝ። በጥቂት ሰኮንድ ይጀመራል፤ ቆዳዬ እንዴት እንደተቀበለው እየታየ ቀስ እያለ ይጨመራል። በማግስቱ ጥቂት ቀላ ቢል ችግር የለም፤ ካቃጠለኝ ወይም ውኃ ከቋጠረ ግን ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ መምጣት አለብኝ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ቀን ሳይያያዝ። ብርሃን በወሰድኩበት ቀን ደግሞ ባርኔጣ፤ የደጋ ፀሐይ ብርድ ስላለ ብቻ ደካማ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ልንወጣ ስንል እህቴ ቆም አለች። በእኔ ፊት አንድም ቀን ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«ሲስተር፣ ይጋባል?»

ሲስተሯ ጓንት አላደረገችም። እጄን አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሻሸቻቸው። «አይጋባም» አለች። «በመንካትም፣ አብሮ በመብላትም፣ በምንም።» ጓንቱን ከገዛሁ ወዲህ እጄን ባዶውን የነካው ሰው አልነበረም። እህቴ ጠበሉን ሰጥታኝ፣ ልጇን አዝላ በሚኒባስ ተመለሰች። ስለ ጸጉሩ ትናገራለች ብዬ እስከ መናኸሪያው ጠብቄ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው እሽቅድድሙ የጀመረው። ስለቱ ልጁ ሲሄድ ነው የሚፈጸመው፤ እንግዲህ ልጁ ከመሄዱ በፊት የእጄ ቀለም መመለስ አለበት ብዬ በልቤ ወሰንኩ። እጄ ከዳነ ማንም ሊከለክለኝ አይችልም። ቀጠሮ አላስቀርም፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ ገበያ ቢደራ፣ በባጃጅ እበራለሁ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሳይነሣ የምመለስበት ቀን ንዴቴ ለብቻው ነው። ሳምንታት አለፉ፤ ከሮዝነት በቀር የታየ ነገር የለም። እህቴ ደውላ ዳዴ ማለት ጀመረ አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና እጄን አየሁ። ያው ነው። የሚወደው ልጅ እግሩ ትንሽ ቢዘገይ ብሎ የሚመኝ አጎት ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን እያልኩ በራሴ ሳቅኩ።

አንድ ቀን ደግሞ ደወለች፤ ሣጥን ይዞ ቆመ። ቆመ ማለት ሊሄድ ነው ማለት ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ዐይኔ መደርደሪያው ላይ ባለው ስትራላይዘር ላይ ዐረፈ። ጸጉር ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ መቀስና የማሽን ጥርስ የሚጸዳበት፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚበራበት ትንሽ ሣጥን። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ አልትራቫዮሌት ይላል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ መድኃኒቴ እቤቴ ተቀምጦ እኔ በባጃጅ ከተማ አዞራለሁ። ብልኅነቴ ራሴን አስደነቀኝ። ሱቁን ዘጋሁ፣ ሣጥኑን በዘዴ ከፍቼ መብራቱ እንዳይጠፋ አደረግኩትና ሁለት እጄን ከተትኩ። ሬዲዮ ላይ የነበረው የኳስ ጨዋታ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ማታውን እጄ ቲማቲም መሰለ። ጠዋት መቀስ መያዝ ይቅርና ሸሚዜን መቆለፍ አልቻልኩም፤ ዐይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስል ይቆረቁረኛል። ሮጬ ሄጄ ለሲስተሯ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት። ተቆጣች፤ ኮስታራነቷ እስከዚያ ቀን ፈገግታ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አልትራቫዮሌት አንድ ዓይነት አይደለም። የእኔ ሣጥን ብርሃን የተሠራው ተሕዋስ ለመግደል ነው፤ የእነሱ የተመረጠው ቆዳውን እንዲቀሰቅስ ነው፣ እሱም ተለክቶ። ቢላዋ ሁሉ ቢላዋ ነው ብለህ ደንበኛህን በሽንኩርት መክተፊያ ትላጨዋለህ ወይ አለችኝ። አልላጭም አልኳት። ሐኪሙ ቃጠሎውን አክሞ ሕክምናውን ለሳምንታት አቋረጠብኝ፤ ስመለስም ልኩ ወደ ታች ወርዶ ነው የተጀመረው። ልጁ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እያሾፈብኝ ይሄድ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ፣ ያን እህቴ ማርገዟን በነገረችኝ ቀን የጠበቀኝን ደግ ደንበኛ እየቆረጥኩ፣ ማስኬን ዝቅ አደረግኩ። በከንፈሬ ጥግ፣ በነጩ ላይ፣ ጥቁር ጤፍ የመሰሉ ነጥቦች አየሁ። የሰውዬው ጸጉር ፍርፋሪ መስሎኝ በብሩሽ ጠረግኩት። አይሄድም። በፎጣ አሸሁት። አይሄድም። በጣቴ ጥፍር ሞከርኩ። ከዚያ ማሽኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ ስገባ ነው ሰውዬውን ዳግመኛ በግማሽ ጸጉሩ ጥዬው እንደወጣሁ ያስታወስኩት።

ሲስተሯ በማጉያ መነጽር አየችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ቀለሙ የሚመለሰው እንዲህ ነው አለችኝ። ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት በጸጉር ሥር ተደብቀው ይቀራሉ፤ ብርሃኑ ሲቀሰቅሳቸው በጸጉሩ ቀዳዳ በኩል ይወጣሉ፣ ነጥቦቹ እየሰፉ ይገጣጠማሉ። ዕድሜ ልኬን ጠርጌ የምደፋው ጸጉር ለካ የመድኃኒቴ በር ነው። በደስታ ክሊኒኩን በጩኸት ሞላሁት፤ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ሁሉ ተነሥተው አፌን አዩ።

ፊቴ በወራት ውስጥ ተመለሰ። ማስኬን ጣልኩ። እጄ ግን፣ ጸጉር ባለበት በአይበሉባዬ ላይ ጥቂት ጤፍ ከዘራ በኋላ ቆመ፤ ጣቶቼ ነጭ እንደሆኑ ናቸው። ሲስተሯ ገና በመጀመሪያው ቀን ተነግሮሃል አለችኝ፤ ጣት ላይ ጸጉር የለም፣ ስለዚህ ከሁሉ መጨረሻ ነው፣ ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። አዎ፣ ተነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የፈለግኩት ጣቶቼን ነው።

እንዲህ እንዳለሁ እህቴ ደወለች።

«ሄደ» አለችኝ።

ደስ አለኝ፤ በእውነት ደስ አለኝ፣ ጮህኩ። ከዚያ ማን ነው የሚቆርጠው ልል አፌን ከፈትኩና ስለቱ የሚገባበት የደብራችን ንግሥ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኩ። የምትመጣው ከዋዜማው ነው አይደል አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ትንሿን መቀስ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ፣ ጓንቱን በሌላው ኪስ ይዤ አንኮበር ወረድኩ።

በንግሡ ዕለት ጉሙ ሲገፈፍ እህቴ ልጁን ደጀ ሰላሙ ላይ መሬት አቆመችው። ያ ሁሉ ጎፈሬ በዚያ ቀጭን አንገት ላይ። የማንንም እጅ አልያዘም። አንድ ጊዜ በቂጡ ቁጭ አለ፤ ሕዝቡ ሁሉ አብሮት ቁጭ ሊል ምንም አልቀረው። ተነሣ፣ ሄደ፣ በሩን በግንባሩ ገጭቶ ተሳለመ። እልልታው ሲቀልጥ የእኔ ድምፅ ከሴቶቹ በላይ ነበር።

ቤት ስንደርስ ግቢው ውስጥ የእንጨት ዱካ ተቀምጧል፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቧል። የባሏ እናት የገበያው ጸጉር ቆራጭ ተልኮበታል፣ አሁን ይመጣል አሉ። እህቴ ልጇን ታቅፋ ዱካው ላይ ተቀመጠችና ቆራጩ እዚህ አለ አለች፤ ወደ እኔ እያየች። ቀረብኩ፤ ጓንቴን አጠለቅኩ። ልጁ ጥቁሩን የጎማ እጅ ሲያይ ጮኸ፤ ፊቱን ጡቷ ውስጥ ደበቀ። ይኸው እሱ ራሱ አልፈለገም አሉ አያቱ።

«የፈራው ጓንቱን ነው» አለች እህቴ። «አውልቀው።»

«እትዬ» አልኳት ዝቅ ብዬ፣ «እጄ እኮ አልዳነም።»

«ሲስተሯ አይጋባም ስትል እኔም ሰምቻለሁ። አውልቀውና ልጄ የአጎቱን እጅ ይወቅ።»

አወለቅኩት። ልጁ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ነጩን ጣቴን አየው፣ ያዘው፣ አገላበጠውና አፉ ውስጥ ከተተው። አዲሶቹ ጥርሶቹ ስለት አላቸው፤ አመመኝ፣ ግን ማን ይነቅለዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የባሏ እናት ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ ጸጉሩ የሚያርፍበትን ንጹሕ ነጠላ ይዘው ተመለሱና እህቴ ጉልበት ላይ ዘረጉት።

እንደዚያ ቀን ያለ የተበላሸ አቆራረጥ ቆርጬ አላውቅም፤ በአንድ በኩል ረዝሞ፣ በሌላው ተጎርዶ ነው የወጣው። የገበያው ቆራጭ መጥቶ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ ላስተካክለው ቢል እህቴ እምቢ አለችው። እኔ ምን ላድርግ፣ ልጁ ጣቴን አልለቅም ስላለ በአንድ እጄ ነው የቆረጥኩት።